ብርሃንን ስለሚቈጥረው መዝገብ
(ስለ ሂስቶግራምና ስለ ፎቶግራፍ የብርሃን ልክ በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ዛሬ ላነጋግራችሁ የፈለግሁት ፎቶግራፍ በሚያነሣ ሰው እጅ ዘወትር እያለ ከብዙዎቻችን ዐይን ስለሚሰወር ስለ አንድ ትንሽ ሥዕል ነው። ይህ ሥዕል ሂስቶግራም ይባላል። በዲጂታል ካሜራ ስክሪን ጥግ ላይ፥ እንዲሁም በአንዳንድ የእጅ ስልኮች ውስጥ የተራራ ሰንሰለት መስሎ ይታያል። ብዙ ሰው ለመሐንዲሶች ብቻ የተበጀ ምልክት ይመስለውና ትርጕሙን ሳይጠይቅ ያልፈዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የደመወዝ ዝርዝር አንብቦ የሚረዳ ሰው ሁሉ ሂስቶግራምንም አንብቦ ሊረዳ ይችላል።

ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ መስሎ እንዳይታየን አስቀድመን ጥቅሙን እንመልከት። ፎቶግራፍ የግድግዳ ጌጥ ብቻ አይደለም። የመታወቂያና የፓስፖርት ማስረጃ ነው፤ የመዝገብ ቤት ሰነድ ቅጅ ነው፤ የሠርግና የክርስትና፥ የምረቃና የሽማግሌ ወላጆቻችን መታሰቢያ ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ሁለተኛ አይደገሙም። ሙሽራ ፎቶግራፉ ጠቈረብኝ ብላ እንደ ገና አትሞሸርም፤ ያረፈች እናትም ፊቷ በደንብ አልታየምና ተመልሳ ትቀመጥልን አትባልም። ስለዚህ ስሕተቱን በዚያው በሥራው ቦታ፥ ገና ሊታረም በሚችልበት ደቂቃ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ነው።

«ሥዕሉ ራሱ በስክሪኑ ላይ እየታየ ሌላ ምስክር ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ፥ ዐይናችን ብርሃንን በልክ የሚመዝን ሚዛን አለመሆኑ ነው። የዐይናችን ብሌን በጨለማ ይሰፋል፥ በፀሐይ ይጠባል፤ አእምሮአችንም ያየውን ሁሉ ከአካባቢው ጋር እያነጻጸረ ይተረጕመዋል። በዚህም ምክንያት አንዱ ሥዕል በቀትር ፀሐይ ሥር ሲታይ የጨለመ ይመስላል፤ ያው ሥዕል በምሽት በደብዛዛ ክፍል ውስጥ ሲታይ የፈካ ይመስላል። በፀሐይ የሚሠራው ሰው ጨለመብኝ ብሎ ብርሃን ይጨምርና የሥዕሉን ነጭ ያቃጥላል። በምሽት የሚሠራው ደግሞ በቂ ብርሃን አለው ብሎ ያልፍና በማግሥቱ በቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፍተው የሰዎቹ ፊት ተለይቶ የማይታወቅ ሆኖ ያገኘዋል። በዚያም ላይ የስልክ ስክሪን እንደ አካባቢው ብርሃን ራሱን የሚያደምቅና የሚያደበዝዝ ነውና፥ ምስክሩ በየሰዓቱ ቃሉን የሚለውጥ ምስክር ነው።

ሂስቶግራም ግን ቃሉን አይለውጥም፤ የሚናገረው በቍጥር ነውና።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና የስሙንና የአሠራሩን መነሻ ጥቂት እናውሳ። መጠንን በዓምድ ቁመት የማሳየት ዘዴ በስፋት እንዲታወቅ ያደረገው ዊልያም ፕሌይፌር የተባለው የስኮትላንድ ሰው ሲሆን፥ መጽሐፉን ያወጣው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1786 ዓ.ም. ነው። «ሂስቶግራም» የሚለውን ቃል ያወጣው ደግሞ ካርል ፒርሰን የተባለው የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ሊቅ ነው፤ በ1895 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፉ ውስጥ ይገኛል። እነዚህ ሰዎች ስለ ካሜራ አላሰቡም። አሳባቸው ብዙ ቍጥር በአንድ ጊዜ ለዐይን እንዲታይ ማድረግ ነበር።

ቍጥርና ፎቶግራፍ የተገናኙት ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ገጽ ከተፈለሰፈ በኋላ ነው። ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በአሜሪካ በቤል የምርምር ተቋም ሲ.ሲ.ዲ. የተባለውን መሣሪያ በ1969 ዓ.ም. ፈለሰፉ፤ ለዚህም ሥራቸው በ2009 ዓ.ም. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። በ1975 ዓ.ም. የኮዳክ መሐንዲስ የነበረው ስቲቨን ሳሶን በዚህ ዐይነት መሣሪያ የሚሠራ ካሜራ ሠራ። ሥዕሉ 10,000 ነጥቦች ብቻ የነበሩት ሲሆን፥ አንዱን ሥዕል በካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ዛሬ ተራ የሚባለው ካሜራ ከ20 ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን በዐይን ጥቅሻ ይመዘግባል።

እንግዲህ እያንዳንዱ ነጥብ ቍጥር አለው። በተለመደው አመዘጋገብ ፍጹም ጥቁር 0 ነው፤ ፍጹም ነጭ 255 ነው፤ በመካከላቸው ያሉት ደረጃዎች ከጥቁር ወደ ነጭ የሚወጡ መሰላሎች ናቸው። ካሜራው ነጥቦቹን አንድ በአንድ ቈጥሮ እያንዳንዱን በየደረጃው ይመድባል። ከዚያም ጥቁሩን በግራ፥ ነጩን በቀኝ አድርጎ፥ በየደረጃው ስንት ነጥብ እንዳለ በዓምድ ቁመት ያሳያል። ዓምዶቹ ተጠጋግተው ሲቆሙ የተራራ ቅርጽ ይሠራሉ። ሂስቶግራም የሚባለው ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ለእኛ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አለ። አንድ ሚኒስቴር ሠራተኞቹን በደመወዝ ደረጃቸው ቈጥሮ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ያወጣል እንበል። ሠንጠረዡ በአንደኛው ደረጃ ስንት ሰው፥ በአሥረኛው ደረጃ ስንት ሰው እንዳለ ይነግረናል። ማን በየትኛው ክፍል እንደሚቀመጥ፥ ማን ሥራውን እንደሚያከብርና እንደማያከብር ግን አይነግረንም። ሂስቶግራምም እንደዚሁ ነው። ምን ያህል ጨለማና ምን ያህል ብርሃን እንዳለ ይነግረናል፤ ጨለማው የሰው ፀጕር ይሁን የጓዳ ጥላ፥ ብርሃኑ ነጠላ ይሁን ደመና አይነግረንም። ይህን ልዩነት በልባችን ብንይዝ የቀረው ሁሉ ቀላል ይሆናል።

ከሁሉ አስቀድሞ ልናያቸው የሚገቡት የሠንጠረዡ ሁለት ጫፎች ናቸው። የካሜራውን ብርሃን ተቀባይ ገጽ በዝናብ ሥር በተደረደሩ እንስራዎች እንመስለው። እያንዳንዱ እንስራ የሚወርድለትን ብርሃን ይሰበስባል። ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ የቱንም ያህል ቢዘንብ ልኩ ያው «ሙሉ» ነው። ጐረቤቱም እንዲሁ ሞልቶ ከፈሰሰ፥ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ ማለት ነው። የነጠላው ጥለት፥ የጥልፉ መስመር፥ የደመናው እጥፋት ሁሉ አንድ ወጥ ነጭ ይሆናል። ይህ ሲሆን የሂስቶግራሙ ተራራ በቀኙ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ይቆማል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስምና፥ በኋላ በኮምፒዩተር ብናጠቍረው ግራጫ እናደርገው እንደ ሆነ ነው እንጂ ጥለቱን አንመልሰውም።

በግራው ጫፍ ያለው ጕዳት ከዚህ ለየት ይላል። በዚያ ያሉት እንስራዎች ጥቂት ጠብታ ብቻ ያገኙ ናቸው። ጠብታዋ ከመሣሪያው ከራሱ የኤሌክትሪክ ሁከት ጋር ትደባለቃለች። ሥዕሉን በኋላ ብናፈካው ጥላው ውስጥ የነበረው ነገር ጥቂት ይታያል፤ ነገር ግን አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ከግድግዳው ጋር የተጣበቀው ደግሞ ከነጭራሹ ጠፍቷል። እንግዲህ ሂስቶግራምን የሚያይ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ተራራው ያምራልን?» የሚል መሆን የለበትም። «በግድግዳው ላይ የተጣበቀ ነገር አለን? ካለስ ምንድን ነው?» የሚል መሆን አለበት።

አሁን ይህ ነገር በአገራችን በተለይ ለምን እንደሚያስፈልግ እንመልከት። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊት ለፊቱ ያለው ዓለም በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ የሚገምት ሆኖ የተሠራ ነው። በፎቶግራፍ ሙያ ለዚህ መለኪያ የተለመደው ግራጫ ካርድ ከሚወርድበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ነው። ነጭ ወረቀት ግን ወደ 90 በመቶ የሚጠጋ ይመልሳል፤ ይህም የግራጫው አምስት እጥፍ ነው። ፎቶግራፍ አንሺዎች ብርሃንን በእጥፍ መጨመርን ወይም በግማሽ መቀነስን «አንድ ስቶፕ» ይሉታል። በዚህ አቈጣጠር በግራጫውና በነጩ መካከል ከሁለት ስቶፕ በላይ ልዩነት አለ።

እንግዲህ ጥር 11 ቀን በጃን ሜዳ የጥምቀትን በዓል የሚያነሣ ሰው በዐይነ ኅሊናችን ይታየን። ሜዳው ሙሉ ነጭ ለብሷል፤ የጥር ፀሐይ ከላይ ይወርዳል። ካሜራው ይህን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃን እጅግ በዛ ብሎ ይደነግጥና ብርሃኑን ይቀንሳል። ነጩ ነጠላ ግራጫ ይሆናል፤ ከነጠላው ሥር ያለው ጠይም ፊት ደግሞ በዚያው ልክ ወደ ጥላ ይሰምጣል። ሕዝቡ ታይቷል፥ ልብሱ ታይቷል፥ ሰው ግን አልታየም። የተገላቢጦሽ ደግሞ ጥቁር ካባ የለበሱ ሰዎች በጥቁር ግድግዳ ፊት ሲቆሙ ካሜራው ጨለማ በዛ ብሎ ብርሃን ይጨምርና ካባውን ግራጫ፥ ፊታቸውን የተቃጠለ ያደርገዋል። የዛሬ ካሜራዎች ሥዕሉን በብዙ ክፍል ከፍለው የሚለኩ፥ ፊትንም ፈልገው የሚያገኙ ቢሆኑም፥ ግምታቸው አሁንም ግምት ነው።

መሣሪያ ሁሉ የሠሪውን ግምት ተሸክሞ የሚመጣ መሆኑን የፎቶግራፍ ታሪክ ራሱ ያስተምረናል። በቀለም ፊልም ዘመን የኮዳክ ፎቶግራፍ ማተሚያዎች ቀለማቸው የሚስተካከለው የአንዲት ነጭ ሴት ሥዕል ባለበት ካርድ ነበር፤ ካርዱም «ሸርሊ» በሚል ስም ይጠራ ነበር። በዚያ ልክ የተስተካከለ ማተሚያ የጥቁር ሰው ፊት ሲመጣለት ዝርዝሩን ያጠፋው ነበር። ልዩ ልዩ መልክ ያላቸው ሰዎች በአንድነት የሚታዩበት የኮዳክ ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። የሂስቶግራም አንዱ ደግነት የማንንም መልክ መለኪያ አድርጎ አለመያዙ ነው። የመጣለትን ብርሃን ቈጥሮ ያሳያል፤ ፍርዱን ግን ለሰው ይተዋል።

በዚህ ፍርድ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ የነገሩ ሁሉ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ነጭ የለበሰች ሙሽራና ጥቁር ልብስ የለበሰ ሙሽራ ጐን ለጐን ሲቆሙ ሂስቶግራማቸው ሁለት ተራራ ይሠራል፤ አንዱ በስተግራ የልብሱ፥ ሌላው በስተቀኝ የቀሚሱ ነው። በመካከሉ ዝቅ ያለ ሸለቆ ይታያል። የሁለቱ ሰዎች ፊት ያለው በዚያ ሸለቆ ውስጥ ነው! በነጥብ ቍጥር ከሄድን ፊት ከሥዕሉ እጅግ ጥቂቱ ክፍል ነው፤ ሥዕሉ የተነሣው ግን ለእርሱ ነው። ሂስቶግራም ብዙውን ከፍ አድርጎ፥ ጥቂቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ብዙ መሆንና ክቡር መሆን ግን አንድ አይደሉም። ስለዚህ ሠንጠረዡን የሚያነብ ሰው ረጅሙን ዓምድ ብቻ አይቶ አይፍረድ። ያን አጭር ዓምድ ፈልጎ «ይህስ የት ወደቀ?» ብሎ ይጠይቅ።

ፊቱና ነጠላው በአንድ የብርሃን ልክ አብረው ሊያዙ የማይችሉ ሲሆኑስ ምን ይደረጋል? በመጀመሪያ ሰውየውን ወደ ጥላ ማስጠጋት ነው። በጥላ ውስጥ የነጩና የጠይሙ ርቀት በፀሐይ እንደሚሆነው ያህል አይራራቅም። ይህ ባይቻል ነጭ ጨርቅ ወይም ሰፊ ነጭ ካርቶን ከፊት ለፊት ይዞ ብርሃኑን ወደ ፊቱ መመለስ ነው። ይህም ባይቻል የትኛው እንደሚድን መምረጥ ግድ ነው። በዚያን ጊዜ የነጠላው ጫፍ ጥቂት ቢቃጠል ይቃጠል፤ ፊቱ ግን ይዳን።

ስለ ቀለምም አንድ ማሳሰቢያ አለ። ካሜራው ቀለምን የሚመዘግበው በቀይ፥ በአረንጓዴና በሰማያዊ ከፋፍሎ ነው። በተለመደው ስሌት አጠቃላዩ የብርሃን ሂስቶግራም የሚሠራው ከአረንጓዴው 59 በመቶ፥ ከቀዩ 30 በመቶ፥ ከሰማያዊው 11 በመቶ በመውሰድ ነው። በዚህም ምክንያት ቀዩ ብቻውን ሞልቶ ቢፈስ አጠቃላዩ ሠንጠረዥ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። የበዓሉን የቀይ ከፋይ ጃንጥላ ያነሣ ሰው የጨርቁ እጥፋት ጠፍቶ አንድ ወጥ ቀይ ሆኖ የሚያገኘው ስለዚህ ነው። ካሜራው ሦስቱን ቀለሞች ለየብቻ የሚያሳይ ከሆነ ሦስቱንም መመልከት ይገባል።

ከሰዎች ሥዕል ወደ ወረቀት ስንመጣ ነገሩ ለመሥሪያ ቤት የበለጠ ይቀርባል። አሮጌ ደብዳቤ ወይም የብራና መጽሐፍ ስናነሣ ሂስቶግራሙ በስተቀኝ የገጹን ትልቅ ተራራ፥ በስተግራ የቀለሙን ትንሽ ጕብታ ያሳያል። ገጹ ከቀኙ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ የደበዘዘ ማኅተም፥ በእርሳስ የተጻፈ የኅዳግ ማስታወሻና የፈዘዘ ፊርማ ከነጩ ጋር አብረው ይጠፋሉ። ሰነዱ ለዐይን ንጹሕ መስሎ ይታያል፤ ማስረጃነቱ ግን ቀንሷል። በብራና መጻሕፍታችን ደግሞ የቅዱሳን ስምና የምዕራፍ መጀመሪያ በቀይ ቀለም ይጻፋል። በቀዩ መዝገብ ብቻ ሲታይ ቀይ ጽሕፈት ከብራናው ጋር ተመሳስሎ ሊሰወር ስለሚችል፥ ሥዕሉን ወደ ጥቁርና ነጭ የሚለውጥ ሰው ይህን ማስተዋል አለበት። በ1970ዎቹ የብራና መጻሕፍታችን በማይክሮፊልም በሚነሡበት ጊዜ ፊልሙ ታጥቦ እስኪታይ ድረስ ብርሃኑ በልክ መሆኑን በሙሉ ማረጋገጥ አይቻልም ነበር። ዛሬ ግን መጽሐፉ ገና በአትሮንሱ ላይ ሳለ ስሕተቱ ይታወቃል።

ሙያውን ጠልቀው ለሚሠሩ አንድ ተጨማሪ ነገር ልጨምር። ካሜራው ሥዕሉን ሳያበስል በጥሬው ሲያስቀምጥ «ሮው» ይባላል። ባለ 12 ቢት ጥሬ መዝገብ 4,096 ደረጃዎች አሉት። ከእነዚህ ግማሹ፥ ማለት 2,048ቱ፥ ለላይኛው አንድ ስቶፕ ብቻ ይውላል፤ ለሚቀጥለው 1,024፥ ከዚያ 512 እያለ በግማሽ በግማሽ ይወርዳል። ከዚህ በመነሣት ማይክል ራይክማን የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በ2003 ዓ.ም. «ግድግዳውን ሳትነካ ተራራውን ወደ ቀኝ አስጠጋ፤ በኋላ ዝቅ ታደርገዋለህ» የሚል ትርጕም ያለውን ዘዴ በጽሑፍ አስፋፋ። ዘዴው ጥላውን ከአሸዋ መሰሉ ሁከት ያድናል። ነገር ግን ለጥሬው መዝገብ እንጂ ተዘጋጅቶ ለሚወጣው «ጄፔግ» እንደማይስማማ፥ ካሜራው የሚያሳየውም ሂስቶግራም ብዙውን ጊዜ ከጄፔጉ የተሠራ እንደ ሆነ መታወቅ አለበት።

በመጨረሻም፥ ሁሉም ሥዕል ሊመስለው የሚገባ አንድ የተቀደሰ ቅርጽ የለም። በሻማ ብርሃን የተነሣ ጸሎት ተራራው በግራ ነው፤ መሆንም ያለበት በግራ ነው። ጧት በጭጋግ የተነሣ ኮረብታ በመካከል የተሰበሰበ ጠባብ ጕብታ ነው። በላሊበላ ከዐለት ወደ ታች ተፈልፍሎ የተሠራው ቤተ ጊዮርጊስ በቀትር ሲነሣ የጕድጓዱ ጥላና የጣራው ነጸብራቅ ሁለቱንም ግድግዳዎች ሊነካ ይችላል። ይህም ስሕተት አይደለም፤ የቦታው ጠባይ ነው። በሥዕሉ ውስጥ ፀሐይ ራሷ ወይም የመብራት አምፑል ካለች በቀኙ ግድግዳ መጣበቋ የማይቀር ነው፤ በእርሷ ምክንያት ሌላውን ሁሉ ማጨለም አይገባም።

ለሥራ እንዲመች አሳቡን በአጭሩ ልጠቅልለው። አንደኛ፥ ከዋናው ሥዕል በፊት አንድ የሙከራ ሥዕል አንሥቶ ሂስቶግራሙን መመልከት። ሁለተኛ፥ ሁለቱን ግድግዳዎች መርምሮ የተጣበቀው ነገር የሚያስፈልግ ወይም የማያስፈልግ መሆኑን መለየት። ሦስተኛ፥ ነጭ በበዛበት ብርሃን መጨመር፥ ጥቁር በበዛበት መቀነስ፤ ከዚያም እንደ ገና መመልከት። አራተኛ፥ የሰው ፊት በመሰላሉ ላይ የት እንደ ወደቀ መጠየቅ። አምስተኛ፥ ብርሃኑ በተለወጠ፥ ደመና በመጣና በሄደ ቍጥር ምርመራውን መድገም። ይህ ሁሉ ሲለመድ ከጥቂት ሰከንዶች አያልፍም።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ሂሳብ ሹም ገንዘቡን ቈጥሮ ያስረክባል፤ ገንዘቡ ለምን ሥራ እንዲውል የሚወስነው ግን የሥራው ባለቤት ነው። ሂስቶግራምም ብርሃኑን ቈጥሮ የሚያስረክብ ታማኝ ሂሳብ ሹም ነው። ከዚያ ሁሉ ብርሃን ውስጥ የእናት ፊት፥ የሽማግሌ ዐይን፥ የአሮጌ ሰነድ ፊርማ እንዳይጠፋ የሚወስነው ካሜራውን የያዘው ሰው ነው። መዝገቡን ሳያነብ የሚወስን ሰው በግምት ይወስናል፤ መዝገቡን አንብቦ ሰውን የሚረሳም ቍጥር ብቻ ይዞ ይቀራል። ሁለቱን አስተባብረን ብንሠራ ልጆቻችን ወደ ኋላ ሲመለከቱ የአባቶቻቸውን ነጠላ ብቻ ሳይሆን ፊታቸውንም ያያሉ።